«ቆረቆንዳው የኔ ነው፤ አፈሩስ የማነው?»

ነሐሴ 2014፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ጅማ ውስጥ ከሂርማታ ገበያ ወደ አዌቱ ወንዝ የሚወርደው ቱቦ ገነፈለ። ሰኞ ተጠርጎ ርክክብ የተፈረመበት ያው ቱቦ ነው። ውሃው ቱቦውን በከደኑት ሶሌታዎች ክፍተት እየተገፋ ወጣና የታችኞቹን ሱቆች ደፍ ተሻገረ። ጨርቅ ነጋዴው ጣቃውን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያወጣል፤ ጎረቤቱ የቡና ጆንያዎቹን ከወለሉ የሚያነሳለት ሰው ይጣራል። የጽዳት ማኅበሩ ልጆች ዲጂኖና አካፋ ይዘው ሲደርሱ ደንብ አስከባሪው ቀድሟቸው በቆሎ ጠባሾቹ ፊት ቆሟል።

ጠባሾቹ አራት ናቸው። እሱ ዕድሜያቸው የገፋውን፣ ከቱቦው አፍ አጠገብ የተቀመጡትን መረጠ። ውሃው ላይ ከሚንሳፈፉት ቆረቆንዳዎች አንዱን በጫማው ጫፍ ወደ ዳር ሳበና፣

«ማዘር፣ ይሄ የማነው?» አለ።

«የኔ ነው። ከኔ የተገዛ ነው።»

«እንግዲያው ይቀጣሉ። ቱቦውን የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ።»

«የት ልጣለው የኔ ልጅ? አሳየኝና ልውሰደው።»

በእጁ ጠቆመ። ገንዳው ከባጃጅ ማቆሚያው ማዶ ነው፤ ደርሶ መልሱ 700 እርምጃ ያህል ይሆናል።

«በቆሎዬ ከሰል ላይ እያለ?»

መልስ አልሰጠም፤ የደረሰኝ ጥራዙን አወጣ። ይሄኔ ሴትዮዋ ከበርጩማቸው ተነሱ፤ በያዙት ማራገቢያም ከቱቦው ከንፈር ላይ ወደተቆለለው ጭቃ አመለከቱ።

«ቆረቆንዳው የኔ ነው፤ ወላሂ አልክድም። አፈሩስ የማነው? ሰኞ አወጣችሁት፣ እዚያው ከንፈሩ ላይ ቆለላችሁት። ማክሰኞ ዘነበ። ትናንት ዘነበ። ያን ያህል ክምር አሁን የት ሄደ?»

ክምሩ ሰኞ ማታ ወገብ ይደርስ ነበር። ሐሙስ የቀረው ከጉልበት በታች ነው፤ የጎደለው አፈር የሄደበትም ግልጽ ነው። ከክምሩ ግርጌ እስከ ቱቦው አፍ ድረስ ጎርፉ የቆፈራት ትንሽ ቦይ ትታያለች። የማኅበሩ ልጆች አዩ፤ አንገታቸውን ደፉ። ደንብ አስከባሪውም አየ። ደረሰኙን ግን ጻፈ።

ነገሩ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው እዚህ ላይ ነው። በወቅቱ ሲሠራበት የነበረው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 በመንገድ፣ በውሃ መውረጃ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ ቆሻሻ መጣልን ይከለክላል፤ ክልከላውን ያስቀመጠው ግን ቆሻሻ መጣያ ባለበት ነው። ያው አዋጅ መጣያዎቹን በመንገድ ዳርና በሕዝብ መገልገያ ቦታ የማስቀመጥ፣ ሞልተው ሳይፈሱም የማስነሳት ኃላፊነት የጣለው በከተማ አስተዳደሩ ላይ ነው። ሴትዮዋ አዋጁን አላነበቡም። «አሳየኝና ልውሰደው» ያሉት ግን የአዋጁን ግማሽ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያልተጻፈውን ግማሽ።

ቱቦ እንዴት እንደሚዘጋ ለማያውቅ ሰው ጥፋተኛው ቆረቆንዳው ይመስለዋል። ቆረቆንዳ ስለሚንሳፈፍ መጨረሻ የሚመጣውም፣ ከላይ የሚታየውም እሱ ነው። ዋናው ሥራ ከሥር ተሠርቶ ያለቀው እሱ ከመድረሱ በፊት ነው።

ይህ ቱቦ 60 ሳንቲሜትር ስፋትና 80 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው የድንጋይ ግንብ ነው። መንገዱን የሚያቋርጠው ግን በዲያሜትር 60 ሳንቲሜትር በሆነ ክብ የሲሚንቶ ቱቦ ነው። ስለዚህ የውሃው ማለፊያ መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ከ0.48 ካሬ ሜትር ወደ 0.28 ይጠባል። ይህ ሳያንስ፣ ከመሻገሪያው አፍ ሁለት እርምጃ ቀደም ብሎ የመጠጥ ውሃ መስመር ግንቡን በስቶ በአግድም አልፏል። መጀመሪያ የመጣ የሸንኮራ አገዳ ወይም የጫት እንጨት እዚያ መስመር ላይ ይጋደማል። ቀጥሎ የመጣ ፌስታል እንጨቱን ይጠመጠምበታል። ፌስታል በሚዛን ምንም አይደለም፤ ውሃ ሲገፋው ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ውሃው ከኋላው ይተኛል። የተኛ ውሃ አሸዋ መሸከም ስለማይችል አሸዋው ይወርዳል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ግድብ ተሠራ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሃይላንድ፣ ገረባ፣ የአቮካዶ ልጣጭና ቆረቆንዳ ሁሉ ግድቡ ላይ የሚደረደር ነው።

የማኅበሩ መሪ ሶሌታውን ያስነሳው ከመሻገሪያው በታች ካለው ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ብዙ ቡድን ውሃው ከሚታይበት ከላይ ይጀምርና የፈታው ቆሻሻ ወርዶ ታች እንደገና ይዘጋበታል። ሶሌታ ሲነሳ ዲጂኖው ከጠርዙ ይገባል፤ ሁለት ሰው ያዘነብላል፣ ሦስተኛው ድንጋይ ይወትፋል። ጣት ከሥሩ አይገባም። ከተከፈተ በኋላ አየሩ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ተሸፍኖ የከረመ ቱቦ ውስጥ ወዲያው አጎንብሶ የሚገባ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ከዚያም ቆሻሻው ጫፉ በታጠፈ ብረት ወደ ራስ ይሳባል እንጂ አይገፋም። በተለይ ፌስታል ሲገፉት ይበልጥ ይጠብቃል። በእጅ አይነካም፤ የተሰበረ ጠርሙስና ምላጭ የማይገኝበት ቱቦ የለም፣ ስስ የሐኪም ጓንት ደግሞ ምላጭ አያቆምም።

ያን ዕለት 26 ማዳበሪያ ወጣ። 21ዱ አፈርና አሸዋ ነው፤ 5ቱ ቆሻሻ። ከአምስቱም ቆረቆንዳው አንድ ማዳበሪያ አይሞላም።

ከዚህ ተነስቶ ቆሻሻ የሚጥለው ሰው ነጻ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። ያ ፌስታልና ያ አገዳ ባይኖሩ አብዛኛው አሸዋ ከጎርፉ ጋር ወርዶ ይሄድ ነበር። አንዲት ፌስታል ሙሉ ጋሪ አሸዋ ታስቀራለች። በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁ ለቱቦ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። የ1999ኙ ያገደው ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን ብቻ ስለነበር በገበያ መሐል ማን ውፍረት ይለካል? ይሁን እንጂ ፌስታሉ ቢጠፋም አሸዋው አለ፤ ከመንገድ ዳር ተገልብጦ ወር ከሚከርመው የግንባታ አሸዋ ይመጣል፣ ኮብልስቶን ካልለበሰው ጠባብ መንገድ ቀዩ አፈር ይመጣል፣ ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ጠራጊው ራሱ አውጥቶ ከሚተወው ክምር ይመጣል።

ክምሩ ለምን ይተዋል? ስንፍና አይደለም። እርጥብ ደለል ከባድ ነው። 10 ሜትር ቱቦ ውስጥ 40 ሳንቲሜትር ደለል ቢኖር 2.4 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አንዱ ሜትር ኩብ እስከ 1.8 ቶን ስለሚመዝን በድምሩ ከ4 ቶን በላይ ነው። በ40 ኪሎ ማዳበሪያ ሲካፈል 100 ማዳበሪያ አለፈ። ይህን የሚያነሳ መኪና ከሌላ መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ይጠየቃል፤ ደብዳቤው ማክሰኞ ይጻፋል፣ መኪናው ሳምንት ይመጣል። የቡድኑ ክፍያ የሚሰላው ደግሞ በተጠረገ ሜትር ነው፤ በተነሳ አፈር አይደለም። እንዲህ ባለ አሠራር ከንፈር ላይ ያልተቆለለ ደለል ማግኘት ይከብዳል። «እስኪደርቅ ነው» ይባላል። በጅማ ነሐሴ ምን ይደርቃል?

አሠራሩን ማስተካከል አስቸጋሪ አይደለም። መኪናው ሳይያዝ ሶሌታ አይነሳም፤ ይህ አንደኛው ደንብ ነው። የወጣው ደለል ወዲያው ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል፣ ግማሽ ድረስ ብቻ፤ ሙሉው ለአንድ ሰው አይነሳም፣ ሲጎተትም ይቀደዳል። ማዳበሪያ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃው ሌሊቱን ራሱ ይንጠባጠባል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። መኪናው ከዘገየ ማዳበሪያዎቹ የሚደረደሩት ከቱቦው ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቀው፣ ከአፉ በታች ባለው ወገን ነው። ሰኞ የተሠራው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከአፉ በላይ፣ ያለ ማዳበሪያ፣ ከንፈሩ ላይ።

ስለ መጣያው አቀማመጥም ሴትዮዋ ያስተማሩት አለ። ያን ዕለት ማታ የማኅበሩ መሪ ከእግራቸው ሥር አንድ ማዳበሪያ ሊያስርላቸው ሲል፣ «እዚህ ማን ይጥልበታል? በቆሎዬን ይዞ ሄዶ እኮ ነው የሚበላው» አሉት። ልክ ናቸው። በቆሎ የሚገዛ ሰው አይቆምም፤ እየጋጠ ይሄዳል፣ ቆረቆንዳውን የሚጥለው ሩቅ ደርሶ ነው። መጣያው መቆም ያለበት በቆሎው በሚያልቅበት ቦታ፣ ማለትም በገበያው መውጫና በባጃጅ ማቆሚያው ላይ ነው። አቮካዶና ሸንኮራ ለሚልጡት ግን በተቃራኒው ከሻጩ ክንድ በማይርቅ ቦታ ያስፈልጋል፤ እዚያ ልጣጩን የሚጥለው ሻጩ ነው። ጫት ተራ ሌላ ነው፤ ገረባውና የኮባው ቅጠል በአንድ ሰዓት ማንኛውንም በርሜል ስለሚሞላ ለብቻው ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለዚያ ደግሞ የፍየል ባለቤቶች ራሳቸው ይመጣሉ።

የተሠራው መጣያ ቀላል ነው፤ ሁለት እንጨት ተተክሎ አፉ በሽቦ የተወጠረ ማዳበሪያ። ከንፈሩ ከመሬት 80 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ሕፃንም ይደርስበታል፣ ውሻ ግን በቀላሉ አይገለብጠውም። ክዳን የለውም፤ ሰው የቆሸሸ ክዳን መንካት ስለማይወድ አጠገቡ ጥሎ ይሄዳል። ሥሩ ውሃ ያንጠባጥባል። የሚበላሸው ሲሞላ ነው። ሞልቶ ያደረ መጣያ ባዶ መሬት ላይ ከመጣል ይብሳል፤ ሰው ዙሪያውን መቆለል ይጀምራል፣ ዝናብ ሲመጣም ሁሉም በአንዴ ወደ ቱቦው ይገባል። ስለዚህ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁለተኛ 12 ሰዓት ላይ።

ይህ ሁሉ ድካም ለታችኞቹ ሱቆች ደፍ ብቻ አይደለም። ከቱቦው ያመለጠው አዌቱ ይገባል፤ አዌቱ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ ከዚያ ግልገል ጊቤ ነው፤ ከዚያም ግድቡ። ቦዬ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ቄጠማው ላይ የተጠመጠመውን ፌስታል ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ከመሻገሪያው አፍ ቀደም ብሎ የተጋደመው የውሃ መስመር እስከ አሁን አልተነሳም። ለማንሳት ሁለት መሥሪያ ቤቶች መነጋገር አለባቸው፤ እስከዚያው ድረስ በየሳምንቱ በታጠፈ ብረት ይፈተሻል።

ሴትዮዋ ቅጣቱን ከፍለዋል። ማንም ይቅርታ አልጠየቃቸውም፤ ሊጠየቁ ይገባ ነበር። ደረሰኙን አጣጥፈው ሳንቲም በሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ ውስጥ አኑረውታል። ከሰው የተረፈውን ቆረቆንዳ ጠዋት ፀሐይ ላይ ያሰጡና ከከሰሉ ጋር ያነዱታል። የማኅበሩ ልጆች ዲጂኖ ይዘው ሲመጡ ካዩ በቆሎውን ከማገላበጥ ይገቱና፣ «መኪናው የት አለ?» ይላሉ። መኪናው ካልመጣ ሶሌታው አይነሳም።