ልጣጩን መቼ ላውጣው? የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻ ከስዋርትላንድ

የዘንድሮው ወይን ባለፈው እሑድ ጠርሙስ ገባ። 34 ሊትር ወጣው። ቀለሙ የደረቀ አፕሪኮት ነው፣ ትንሽ ደፍረስ ያለ። ሦስት ዓመት የለፋሁበት ስለሆነ ሂደቱን ሳልረሳው ልጻፈው። ነጭ ወይን ከነልጣጩ ለመጥመቅ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቢያንስ የኔን ሁለት ስህተቶች አትደግሙም።

የምኖረው ኬፕታውን ነው። ፍሬውን የምገዛው ስዋርትላንድ በሚባለው የወይን አገር፣ ማልምስበሪ ከተማ አካባቢ፣ ፓርደበርግ ተራራ ሥር ካሉ አንድ አዛውንት ገበሬ ነው። እዚህ ትልቅ ሰው «ኦም» ተብሎ ይጠራል፤ እንደኛ «ጋሼ» ማለት ነው። ዝርያው ሸነን ብላን ነው፣ እሳቸው ግን «ስቴን» ነው የሚሉት። ማሳው ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሽቦ የለም፣ ድጋፍ የለም፤ እያንዳንዱ ግንድ እንደ ቁጥቋጦ ለብቻው ቆሟል። ቁመቱ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም፣ ግንዱ ግን ወፍራምና ጠማማ ነው። መስኖ አያውቅም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የዘነበውን ውኃ ከፈራረሰው ግራናይት ሥር ቆፍሮ ያገኛል።

እንዲህ ያለ ማሳ ምርቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙው ተነቅሏል። የወይን ማሳ ባለሙያዋ ሮዛ ክሩገር አሮጌ ማሳዎችን እየዞረች ባትመዘግብ ኖሮ የቀረውም ባልተረፈ ነበር ብዬ አምናለሁ። አሁን 35 ዓመት የሞላው ማሳ ወይኑ ላይ የተተከለበትን ዓመት የያዘ ማኅተም ሊለጠፍለት ይችላል።

ለኛ ለጠማቂዎች ዋናው ነገር ግን ፍሬው ነው። ትንሽ ነው፣ ልጣጩ ወፍራም ነው። ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል ማለት ነው። ነጭ ወይን በተለመደው መንገድ ሲሠራ ፍሬው ወዲያው ተጨምቆ ልጣጩ ይጣላል። እኛ ግን እንደ ቀይ ወይን አብረን እናፈላዋለን፤ ቀለሙም፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒንም ከልጣጩ ይመጣል። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ወይን በ2015 እ.ኤ.አ. የራሱን መደብ ሲሰጠው፣ ቢያንስ 96 ሰዓት ልጣጩ ላይ ይቆይ ብሏል።

የመጀመሪያው ዓመት ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። ጆርጂያውያን መሬት በተቀበረ ጋን ውስጥ ለወራት እንደሚያቆዩት ሰምቼ እኔም ሦስት ሳምንት አቆየሁት። በቀን አንዴ ብቻ ነበር የማማስለው። ሲፈላ ልጣጩ ወደ ላይ ተንሳፎ ይደርቃል፤ በደረቀው ላይ ትንኝ አረፈበት። ሆምጣጤ ሆነ፣ ደፋሁት።

በሁለተኛው ዓመት ንጽሕናው ላይ ጎበዝኩ፤ ወይኑ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ሰልፈር ግን አንዲት ቅንጣት አልጨምርም ብዬ ድርቅ አልኩ። ዕቃውንም ጎዶሎ ተውኩት። ሽታው ደኅና ነበር። ስውጠው ግን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የአይጥ ጎጆ የመሰለ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይህ ችግር በአፍንጫ አይታወቅም፤ ምራቅ የወይኑን ኮምጣጣነት ሲያለዝበው ነው የሚወጣው። ስለዚህ ስትቀምሱ አትቸኩሉ፣ ዋጡና ጠብቁ።

ዘንድሮ የካቲት መጀመሪያ ላይ 60 ኪሎ ለቀምን። ስኳሩ 22 ብሪክስ ነበር፤ ከመቶ ግራም ጭማቂ 22ቱ ግራም ያህል ስኳር ነው ማለት ነው። ፍሬውን ከዘለላው በእጄ ፈልፍዬ፣ በእግሬ ረግጬ በርሜል ውስጥ ጨመርኩት። እርሾ አልጨመርኩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ጩስ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አረፋው ልጣጩን ወደ ላይ ገፍቶታል። ከዚያ በኋላ በቀን ሦስቴ ወደ ታች እደፍቀው ነበር።

ቀን መቁጠሩን ተውኩት። እናቴ ጠጅ ስትጥል ጌሾውን የምታወጣው ቀምሳ ነበር፤ ከቆየ ይመርራል። እኔም ጠዋትና ማታ አንድ ልጣጭ እያወጣሁ አኘክሁ። በአምስተኛው ቀን ገና ይጣፍጣል፣ ይለሰልሳል። በሰባተኛው እንደ ጠንካራ ሻይ ድድ ይዞ ይጎትታል፣ ግን ደስ ይላል። በዘጠነኛው ቀን ማታ ልጣጩ ባዶ ሆነ፤ ጣዕሙን ሰጥቶ ጨርሷል፣ የቀረው ምሬት ብቻ ነው። በዚያው ሌሊት ጨመቅሁት።

ፍላቱ ሲያልቅ አንገተ ጠባብ ዕቃ ውስጥ አፉ ድረስ ሞላሁት። ለ34ቱ ሊትር 1.2 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት ጨመርኩ፤ በሊትር 20 ሚሊግራም ሰልፈር ማለት ነው። ይህማ ተፈጥሯዊ አይደለም የምትሉ ትኖራላችሁ። ፈረንሳዮች በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጡት «ቫን ሜቶድ ናቱር» የሚባለው መለያ እንኳ እስከ 30 ይፈቅዳል። እኔ የማሳውን ጣዕም ከማጣ ይህችን ብጨምር ይሻለኛል። ስድስት ወር አተላው ላይ አሳደርኩት፣ አላጣራሁትም።

አንድ ጠርሙስ ለኦም ወሰድኩላቸው። በጣም አልቀዘቀዘም፣ 13 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ፉት አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው፣ «ይኼ የኔ ስቴን ነው?» አሉኝ። ነው አልኳቸው። ጠርሙሱን በብብታቸው ይዘው ወደ ማሳው መሩኝ፤ ከላይ ጥግ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ያሉትን ሁለት ረድፎች አሳዩኝ። የነዚህ ፍሬ ከሁሉም ያንሳል። ለሚመጣው ዓመት ለኔ እንደሚተዉልኝ ነገሩኝ።