ያቺ ብርድ ልብስ

ሦስተኛ ዓመት የሚድዋይፍሪ ተማሪ ሆኜ፣ ማዋለጃ ክፍል አዳር ገብቼ ነው። እናትየዋ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተገላገለች። ማህፀን የሚያኮማትረውን መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲኑን፣ ጭኗ ላይ የወጋኋት እኔ ነኝ። እንግዴ ልጁም ሙሉ ሆኖ ወጣ። በቃ ተገላገልን ብዬ ካርድ መሙላት ጀመርኩ።

«በረደኝ» አለች። ብርድ ልብስ ደረብኩላት። የወለደች ሴት መንቀጥቀጧ የተለመደ ነው፤ ቢሆንም ያቺ ብርድ ልብስ እስከዛሬ ታሳፍረኛለች። ከሥር የሚሆነውን የሸፈንኩት በገዛ እጄ ነዋ።

ትንሽ ቆይታ «ዓይኔ ጨለመብኝ» ስትል ገለጥኩት። አንሶላው ርሷል። ደሙ ከአልጋው ጫፍ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ አደጋ ነው፤ ይህን ፈተና ላይ መልሻለሁ። ምክንያቶቹንም በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ያን ሰዓት ግን ከአፌ የወጣው «ሲስተር!» የሚል ጩኸት ብቻ ነበር።

ሲስተር መጥታ ሆዷን ዳሰሰች። የኔንም እጅ ይዛ አስቀመጠችው። እንደ ኳስ መጠንከር የነበረበት ማህፀን ሊጥ ሆኗል። ከእምብርቷ በላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ አዘንብሏል።

«እያሸሽ ቆዪ፣ እንዳታቆሚ!» አለችኝ። አብሮኝ የነበረውን ልጅ ደግሞ «አንተ የደም ሥር መስመር ክፈት፣ ኦክሲቶሲን ሪንገር ፈሳሹ ውስጥ ጨምር» አለችው። ቀጥላም ወደኔ ዞረች።

«መቼ ነው የሸናችው?»

ዝም አልኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ «አስታውሻት» ብላኝ ነበር። እናትየዋ «አሁን አልመጣም» አለችኝ፣ እኔም ተውኩት። አማቷ በፔርሙዝ ያመጡትን አጥሚት ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትጠጣ አይቻለሁ።

ሽንት የሚያወጣው ቱቦ፣ ካቴተር፣ ገባ። ሽንቱ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። ለካ የተወጠረው ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይ ገፍቶ መኮማተር ከልክሎታል። ክንዴ ዝሎ ሊወድቅ ሲል ሊጡ ከመዳፌ ሥር ጠጠረ። ደሙም እየቀነሰ መጣ።

ሲነጋ አማቲቱ ገንፎ ይዘው ገቡ። «ልጄ፣ አንቺም ቅመሺ እንጂ» ብለው ለመኑኝ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ማንኪያውን አልተቀበልኳቸውም።

ሲስተር የምጡን መከታተያ ቅጽ ከፊቴ አስቀመጠች። የሽንት መጠን የሚጻፍበት መስመር ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ።

«ስንት ወጣ?»

ጎንበስ ብዬ ከረጢቱን አነበብኩ። 800።