ባምበርግ ላይ የጭስ ቢራ፦ ከየት ጀምሮ የት መጨረስ ይሻላል

ጀርመን ያላችሁ ወዳጆቼ ቢራ ሲነሳ ሁሌ ሙኒክ ሙኒክ ትላላችሁ። እኔ ምርጫው ከተሰጠኝ ሙኒክ ላይ ሳልወርድ ወደ ሰሜን እቀጥላለሁ። ባምበርግ እሄዳለሁ። ወደ 80 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ነች፤ ጠማቂዎቿ ግን ከ10 አያንሱም፣ አብዛኞቹም የጠመቁትን እዛው በራሳቸው ቤት ይቀዳሉ። ዛሬ በየከተማው "ክራፍት ቢራ" እየተባለ በውድ የሚሸጠው፣ በትንሽ ቤት በቤተሰብ የሚጠመቀው ማለቴ ነው፣ እዚህ ስም ሳይወጣለት ከ1400ዎቹ ጀምሮ አለ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

አብሮኝ የሄደው ኑረምበርግ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ነው። ባየርን ቲኬት የሚባለውን ቆርጠን ነው የሄድነው። በአንዱ ቲኬት እስከ 5 ሰው ድረስ መሄድ ይቻላል፣ የሚሠራው ግን በክልል ባቡሮች ላይ ብቻ ነው፣ በሥራ ቀን ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በነሱ 9 ማለት ነው፣ ከዚያ በፊት አይሳፈሩበትም። ከኑረምበርግ ባምበርግ ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። መኪና ይዤ ልምጣ የሚል ሰው አለ፤ መንዳቱን ማን ሊነዳ ነው?

ከመሄዳችን በፊት ያነበብኩት ምክር ሁሉ "በቀጥታ ወደ ሽሌንከርላ" የሚል ነበር። ታዋቂው የጭስ ቢራ ቤት እሱ ነው፣ እውነት ነው። እኔ ግን ገልብጬ ነው የሄድኩበት፣ አሁንም ሰው ሲጠይቀኝ ገልብጡት ነው የምለው። ሽሌንከርላን መጀመሪያ የቀመሰ ሰው ወይ ፊቱን አጨፍግጎ "ይሄ ምንድነው?" ብሎ ይተወዋል፣ ወይ ደግሞ አፉ ጭስ ብቻ ስለሚሆን ከዚያ በኋላ የሚጠጣው ሁሉ ውሃ ይሆንበታል። ስለዚህ ከለስላሳው ጭስ ተነሱ።

ለስላሳው ሽፔትሲያል ነው። ከባቡር ጣቢያው በእግር 10 ደቂቃ ያህል ነው፣ ኦበረ ኮኒግሽትራሰ ላይ፣ ከ1536 ጀምሮ የነበረ ቤት። ሳታዩት እንዳታልፉ፣ ከውጭ ብዙም አይጮህም። ውስጡ ዝቅ ያለ የእንጨት ክፍል ነው። ረጃጅም ጠረጴዛ፣ ያረጀ አግዳሚ፣ ጠዋት ጋዜጣ ይዘው ግማሽ ሊትራቸውን የሚጎነጩ አዛውንቶች። "ሽታምቲሽ" የሚል ምልክት ያለበት ጠረጴዛ ላይ አትቀመጡ፣ የቋሚ ደንበኞች ነው። ሌላው ጠረጴዛ የጋራ ነው፤ ሰው ካለበት "ኢስት ሂር ኖኽ ፍራይ?" (እዚህ ቦታ አለ ወይ?) ብላችሁ ጠይቁና ተቀመጡ። ሰላምታ ሳይሰጡ ዘው ብሎ መቀመጥ እዚያም ነውር ነው።

ላገሩን አዘዝን። ቀለሙ የነሐስ ዓይነት፣ ጭሱ ከኋላ የሚመጣ። ጎናችን የተቀመጡት ሽማግሌ ገና አንዴ ስጎነጭ ዓይኔን ዓይኔን ሲያዩኝ ነበር። "እንዴት ነው?" አሉኝ። "አውቀዋለሁ" አልኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገብስ በቅሎ ብቅል ከሆነ በኋላ መድረቅ አለበት። ድሮ በእንጨት እሳት ላይ ነበር የሚደርቀው፣ ስለዚህ ጭሱ ብቅሉ ውስጥ ይገባል፣ ከብቅሉም ወደ ቢራው። ያኔ በየአገሩ ብዙው ቢራ ትንሽም ቢሆን ጭስ ጭስ ይል ነበር ማለት ነው። ኋላ ላይ ጭሱ ለብቻው ወጥቶ ሙቀቱ ብቻ ብቅሉን የሚያደርቅበት ምድጃ ሲመጣ፣ የጭስ ቢራ ከየቦታው ጠፋ። እዚህ ሽፔትሲያልና ሽሌንከርላ አልተውትም፤ እስከ ዛሬ ብቅላቸውን ራሳቸው በቢች እንጨት ጭስ ያደርቃሉ። የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን እያየ ያደገ ሰው ደግሞ ይሄን ቢራ ሲቀምስ ግር አይለውም። ልዩነቱ እኛ የምናጥነው ዕቃውን ነው፣ እነሱ ብቅሉን። በተረፈ የፈረንጅ ቱሪስት ሁለት ብርጭቆ ፈጅቶበት የሚለምደውን እኛ ገና ከመጀመሪያው ጉንጭ ነው የምናውቀው። ለአዛውንቱ ይሄን በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ስነግራቸው ጌሾ ምንድነው ብለው አፋጠጡኝ፣ እሱን ማስረዳት ግን ሌላ አንድ ቢራ ፈጀ።

ከመንገዱ ማዶ ፌስላ አለ፣ ከ1649 ጀምሮ። መግቢያው ኮሪደር ላይ ቆሞ መጠጣት ይቻላል፣ የሰፈሩ ሰው ከሥራ ሲወጣ እዚያ ቆሞ አንድ ብሎ ነው የሚሄደው። ጭስ የለበትም፤ ምላስ ለማሳረፍ ጥሩ ነው። ባምበርጋቶር የሚባል ጠንካራ ቢራ አላቸው፣ 8.5 በመቶ። ቀኑን ገና ስትጀምሩ አትንኩት። የአክስቴ ልጅ ነካው፣ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ለመንገደኛው ሁሉ ሰላም እያለ ነው የሄደው።

ምግብ። እዚህ ላይ ለሐበሻ እቅጩን መናገር ያስፈልጋል፦ ባምበርግ ያለችበት አካባቢ፣ ፍራንከን ማለት አሳማ ማለት ነው። ታዋቂው የባምበርግ ሽንኩርት ውስጡ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ነው፣ ሾይፈርላ የአሳማ ትከሻ ነው፣ ሳህኑ ላይ ጌጥ መስሎ የተቀመጠው ነገር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ቤከን ነው። አሳማ የማትበሉ ከሆነ ኦባትስዳ እዘዙ፣ ካማምቤር ቺዝ በቅቤና በፓፕሪካ ተለውሶ ብሬዘል ከሚባለው ቋጠሮ መሳይ ዳቦ ጋር የሚቀርብ፤ ለቢራ እንደሱ የሚሄድ የለም። የጾም ቀን ከሆነ ግን ከብሬዘል በቀር ብዙ ተስፋ አታድርጉ፣ ከቤት ቋጥራችሁ ሂዱ። በባዶ ሆድ ግን በፍጹም።

ከምሳ በኋላ በእግር ነው። አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ሬግኒትስ ወንዝ መሀል ድልድይ ላይ ተሠርቶ የቆመ ነው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ከተሳሉት ሕፃናት መላእክት የአንዱ እግር ከግድግዳው ወጥቶ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ ያ እግር የተቀረጸ እንጂ የተሳለ አይደለም። ዶሙንም፣ ካቴድራሉን ማለቴ ነው፣ ከቀጣዩ ቢራ በፊት ጨርሱት። ሀገረ ስብከቱን በ1007 ያቋቋመው ንጉሠ ነገሥት ሃይንሪክ 2ኛ ከሚስቱ ከኩኒጉንደ ጋር እዚያ ተቀብሯል፣ ጳጳሱ ክሌመንት 2ኛም እዚያው ነው ያረፈው። ከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙም ስላልተጎዳች አሮጌው ሁሉ እንዳለ ነው፣ ከ1993 ጀምሮም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ሽቅብ ቁልቁለቱ ግን ያደክማል። ጫማ እንጂ ፋሽን አያስፈልግም።

ከዶሙ ቁልቁል ስትወርዱ ሽሌንከርላ ነው፣ ዶሚኒካነርሽትራሰ ላይ። ቤቱ በጽሑፍ የተጠቀሰው በ1405 ነው። አመሻሽ ላይ ከሄዳችሁ ቱሪስቱ መንገዱን ሞልቶ ቆሞ ይጠጣል፤ እኛ ከሰዓት በኋላ ገና ሳይሞላ ነው የገባነው፣ ቦታ ለማግኘት ዋናው ዘዴም ይሄ ነው። ጣሪያው በዕድሜ ጠቁሮ ወደ ጥቁርነት የተጠጋ የእንጨት ተሸካሚ ነው። እኔ የፈለግሁት መቅጃው ፊት መቆም ነበርና ቆምኩ። የእንጨት በርሜሉን ከፍ አድርገው ያስቀምጡታል፣ ቧንቧውን በመዶሻ አንድ ሁለቴ መትተው ይሰኩታል፣ ከዚያ በጋዝ ሳይገፋ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ቀጂው ብርጭቆውን አዘንብሎ ይሞላዋል፣ አረፋው ከፍ ሲል ያቆየዋል፣ ሌላውን ብርጭቆ ያነሳል፣ ተመልሶ ይሞላል። የሚቸኩል የለም። ቢራው ወደ ጥቁር የሚጠጋ ቡኒ ነው፣ አረፋው ራሱ የክሬም ቀለም አለው።

የቤቱ ዋና ቢራ ሜርትሰን ነው፣ 5.1 በመቶ። የመጀመሪያው ጉንጭ ላይ ጭሱ አፍንጫን ይመታል፣ ከሽፔትሲያል ጋር አይወዳደርም። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ጭሱ ወደ ኋላ ሸሸት ይላል፣ የብቅሉ ጣፋጭነትና ምሬቱ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ብርጭቆ አዝዛችሁ ለሁለት አትካፈሉት፣ ሲካፈሉት የሚደርሳችሁ ጭሱ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ አልወደደውም። ለሱ ጭስ የሌለበት የሚመስለው ላገር አላቸው፣ ብቅሉ አይታጠንም፣ እርሾው ግን ከጭሱ ቢራ ስለሚመጣ ትንሽ ትዝታ ይዟል። "ይሄ ይሻላል" አለ። ይሁንለት።

ስለ ሒሳብ፦ ካሽ ያዙ፣ ካርድ የማይቀበል ቤት አሁንም ሞልቷል። በብዙ ቤቶች አስተናጋጇ የጠጣችሁትን ብርጭቆው ሥር ያለችው ክብ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ እየሰረዘች ትቆጥራለች፣ ያቺን ካርቶን እንዳትቀዷት፣ ሒሳባችሁ እሷ ነች። ጉርሻ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መሄድ የለም፤ ስትከፍሉ ጨምራችሁ ጠቅላላውን ትነግሯታላችሁ። ሌላው ደግሞ ሩኸታግ የሚባለው የዕረፍት ቀን ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ አለው፣ አንዳንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ወይ እሑድ ይዘጋል፣ ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ።

ለአንድ ቀን ይህ ይበቃል። ከዚህ በላይ መጨመር ዞረ ድምር መግዛት ነው። በጋ ከሆነ ግን ማምሻውን ሽቴፋንስበርግ ኮረብታ ላይ ወደ ሽፔትሲያል ኬለር ውጡ። ድሮ ቢራው እንዳይሞቅ ኮረብታውን ፈልፍለው ያቆዩበት ነበር፣ ጥላ እንዲሆንም ከላዩ ዛፍ ይተክላሉ፤ ዛሬ ሰው ዛፉ ሥር ይጠጣል። ከዚያ ሆናችሁ ዶሙንና የሚሻኤልስበርግን ገዳም ከፊት ለፊታችሁ ታያላችሁ። በክረምት የውጪውን አትጠብቁት።

እኛ አደርን። በማግሥቱ ወደ ቩንደርቡርግ ሰፈር ሄድን፣ ቱሪስት ብዙም አይደርስበትም፣ ለኔ ደግሞ ከሁሉም የጣመኝ እዚያ ነው። ማርስ ብሮይ ከ1670 ጀምሮ፣ ኬስማን ከ1867 ጀምሮ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል። ማርስ ቤት "አ ኡ" ብላችሁ እዘዙ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ኡንገሽፑንደት፣ ያልተወተፈ ለማለት ነው። ቢራው ሲበስል በርሜሉን አጥብቀው ስለማይዘጉት ጋዙ ይወጣል፣ ያልተጣራም ነው፣ ስለዚህ ደፍረስ ያለና ሆድ የማይነፋ ነው። ከሁለት በላይ ጠጥቶ ሳያገሱ መነሳት የሚቻልበት ቢራ ነው። የአክስቴ ልጅ መንገድ ተሻግሮ ኬስማን ሄርን ፒልስ ላይ ቀረ፣ ጠርቼው አልመጣም። ንጹሕ፣ መረር ያለ፣ ጭስ የሚባል ነገር አጠገቡ ያልደረሰ።

ጠርሙስ ገዝታችሁ ልትመለሱ ካሰባችሁና ጉዟችሁ በታኅሣሥ ከሆነ፣ ሽሌንከርላ ለፈረንጅ ገና አይኸ የሚባል ጠንካራ ቢራ ያወጣል፤ ብቅሉ በቢች ፋንታ በኦክ እንጨት የታጠነ፣ 8 በመቶ። እኔ እስከ እኛ ገና አቆይቼ ጾሙ ሲፈታ ከዶሮው ጋር ከፈትኩት፣ ጭሱ ከበርበሬው ጋር ተስማማ። ለእናቴ ቀመስ አድርጊ ብዬ ስሰጣት "ጋኑን አብዝተው አጥነውታል" አለች፣ ግን ብርጭቆውን አልመለሰችልኝም።