የእማዬ ስልክና የቡናው ሰዓት

"እማዬ፣ ስልክ አበዛሽ" እያልኩ ስነጫነጭ ከርሜያለሁ። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ "አንተስ?" ትለኛለች። መልስ የለኝም።

ዛሬ ግን ዝም ብዬ አየኋት። ቤታችን ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙ አይርቅም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ የእኛ ቤት ተረፈ፤ የቡና ጓደኞቿ ቤቶች ግን ፈረሱ። አንዷ ገላን ገባች፣ አንዷ ለሚ ኩራ ልጇ ጋ። ለእማዬ ጉልበት ያ ሁሉ ታክሲ አይሞከርም። ድሮ ቡና ሲደርስ ግድግዳ ማንኳኳት ይበቃ ነበር። አሁን በኢሞ ሆነ።

ሰዓቱንም የምትመርጠው እሷ አይደለችም። እህቴ ዋሽንግተን ናት። እዚያ ከቀኑ 10 ሰዓት ከሥራ ስትወጣ፣ አሁን በክረምቱ እዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይሆናል። እማዬ እያንጎላጀች ትጠብቃታለች። ስብከት የምታየው ደግሞ ወፍ ሳይንጫጫ ነው፤ የሌሊት ጥቅል ይረክሳላ። ቴሌብር ግን ነክታ አታውቅም። ገንዘብ ያለበት ነገር የእኔ ሥራ ነው።

መልእክት አትጽፍም። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ የምስክር ወረቀቷ እስካሁን ሳጥን ውስጥ አለ። ከሀ እስከ ፐ፣ 231ዱንም ታውቃቸዋለች። እኔ የጫንኩላት ኪቦርድ ግን "ሰ" ለመጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል ንኪ ይላታል። (በግዕዙ ገበታ የሚያስጽፍም አለ፤ ስንፍናዬ ነው።) ስለዚህ ድምፅ ትልካለች። "እንዴት ነሽ፣ ልጆቹ ደህና፣ ወገብሽስ?" ብላ ዋናው ጉዳይ እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ያልፋል።

ዛሬ ከሰዓት ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ቡና አፈላች። የገላኗ የድሮ ጎረቤታችን የስልኩ መስኮት ውስጥ ሆና "እስቲ ጭሱን አሳዪኝ" አለች። እማዬ ማጨሻውን ስልኩ አፍንጫ ሥር አቀረበችው። ተሳሳቁ። አቦሉ ተጠጣ። ቶናው ላይ የእድሩ ድንኳን የት እንደደረሰ ክርክር ተነሳ። ሞቅ እንዳለ ምስሉ ቀጥ አለ። በረካ ሳይደርስ ጥቅሉ አለቀ።

እማዬ ሲኒዋን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን ትጎለታለህ? ሙላልኝ እንጂ!"