ጌሙን ከመምረጣችሁ በፊት ሶኬቱን እዩት

ደብረ ብርሃን ውስጥ "ለቤት የትኛው ፕሌይ ስቴሽን ይሻላል?" ብሎ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስለት ስለ ምስል ጥራት ነው። እኛ ጋ ግን ማሽኑን የሚመርጠው ሰፈር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ሲዲና ግድግዳው ላይ ያለው መብራት ነው። ሁለቱን ሳታዩ የገዛችሁት ውድ ማሽን ቡፌ ላይ ተቀምጦ ጌጥ ይሆናል።

ከሲዲው እንጀምር። የሶኒ ኦንላይን መደብር ከሚያገለግላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አካውንት የሚከፈተው በሌላ አገር ስም ነው፤ ገንዘብ የሚሞላበት ካርድም የዚያው አገር መሆን አለበት። በአሜሪካ አካውንት ላይ የእንግሊዝ ካርድ አይገባም። በዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጌም ከ50 እስከ 100 ጊጋባይት ይመዝናል፤ ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ፓኬጅ የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሲዲ የማይበላ ማሽን አትግዙ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ሲዲ ማስገቢያ የለውም፤ ዲጂታል የሚባለው ፒኤስ5 (ፕሌይ ስቴሽን 5) እና ፒኤስ5 ፕሮም ከካርቶናቸው ሲወጡ የላቸውም። በስሊሙ ፒኤስ5 እና በፕሮው ላይ ሲዲ ማጫወቻውን ለብቻ ገዝቶ መግጠም ይቻላል፤ ሲገጠም ግን አንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ መመዝገብ አለበት። ሻጩ "ማስገቢያው በኋላ ይገጠማል" ሲላችሁ ይህን አስታውሱ።

የፒኤስ4 ሲዲ ከየትም አገር ቢመጣ ይሠራል። ችግር የሚፈጥረው ተጨማሪ ይዘት ነው፤ ከመደብር የሚወርደው ጭማሪ የሚቀበለው የሲዲው ቀጣናና የአካውንቱ ቀጣና ሲገጥሙ ብቻ ነው።

እግር ኳስ ብቻ ለሚጫወት ቤት የማሽኑን ዕድሜ በፊፋ መለካት ይቻላል። ለፒኤስ2 የወጣው የመጨረሻ ፊፋ 14 ነው፤ ለፒኤስ3 እና ለኤክስቦክስ 360 ደግሞ 19። እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙ ተቀይሮ ኤፍሲ ተባለ፤ በ2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ለፒኤስ4ም ተሠርቷል። ስለዚህ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ላለው ቤት ዛሬም የምንመክረው ፒኤስ4 ስሊም ነው። ፒኤስ5 የሚያዋጣው ፎርኬ (4K) ቴሌቪዥን ላለውና ማሽኑን ለብዙ ዓመት ለሚፈልግ ሰው ነው። የፒኤስ4 ሲዲዎችን ከጥቂቶች በቀር ያጫውታል፤ የፒኤስ4 ጆይስቲክ ግን በፒኤስ5 ጌሞች ላይ አይሠራም። ስለዚህ ሁለተኛ ጆይስቲክ ማለት ሁለተኛ ወጪ ነው። ኒንቴንዶ ስዊች የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም አይጠፋም፤ ግን እዚህ ካሴቱን የሚለዋወጣችሁ ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል።

ፒኤስ4ም ሦስት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ሻጩ ባይናገርም ጀርባው ወይም ሆዱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ይናገራል። ሲዩኤች (CUH) ከሚለው ቀጥሎ 10፣ 11 ወይም 12 ካለ ወፍራሙ ነው፣ 20፣ 21 ወይም 22 ካለ ስሊሙ፣ 70፣ 71 ወይም 72 ካለ ፕሮው። የ10 እና የ11 ወፍራሞች ማብሪያና ሲዲ ማውጫቸው በመንካት የሚሠራ ነው፤ ሲያረጅ ማንም ሳይነካው ሲዲውን መትፋት ይጀምራል። 12ቱ የሚጫን ቁልፍ ስላለው ከወፍራሞቹ የሚመረጠው እሱ ነው። ስሊሙ የኦፕቲካል ድምፅ መውጫ የለውም፤ በዚያ መስመር የሚሠራ ስፒከር ካላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።

አሁን ወደ መብራቱ። ሲጫወቱበት ወፍራሙ ፒኤስ4 ወደ 140 ዋት፣ ስሊሙ ወደ 85፣ ፕሮው ወደ 155፣ ፒኤስ5 ደግሞ ወደ 200 ዋት ይስባሉ። ፒኤስ4 እና ፒኤስ5 የትም ይገዙ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ኤክስቦክስ 360 ግን የራሱ አዳፕተር ለ110 የተሠራ ነው፤ 220 ላይ ከሰካችሁት በአንድ ጊዜ ይቃጠላል። የድሮው ወፍራም ፒኤስ2 እና የኒንቴንዶው ዊ (Wii)ም ከአሜሪካ ከመጡ እንደዚያው ናቸው። ሻጩን ሳይሆን አዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ እመኑ። የፒኤስ4 እና የፒኤስ5 የመብራት ገመድ ጫፉ እንደ ስምንት ቁጥር ነው፤ ያው የቴፕ ገመድ ነው። ስለዚህ ለአሜሪካው ጠፍጣፋ ሶኬት መቀየሪያ ከመሰካት ገመዱን ራሱን መቀየር ይሻላል፤ የሚላላ መቀየሪያ ይሞቃል፣ ይቀልጣልም። ከፕሮዎቹ 70 እና 71 የሚጠቀሙት የኮምፒውተር ገመድ ነው።

ማሽን የሚገድለው የመብራት መሄድ ብቻ አይደለም፤ አመጣጡም ነው። ምሽት ላይ በየቤቱ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ምጣድ ሲለኮስ ቮልቱ ይወርዳል። ይህን ፒኤስ4 ይችለዋል። የማይችለው ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ሲላላ ወይም ሲበጠስ የሚሆነውን ነው፤ ያን ጊዜ 220 የነበረው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ከዚህ የሚያድነው ዲቫይደር አይደለም፤ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ አይከላከልም። ቮልት ሲያልፍ የሚቆርጥ፣ መብራት ሲመለስም ትንሽ ጠብቆ የሚለቅ ቲቪ ጋርድ ግዙ። ፍሪጅ ጋርድም ይሆናል፤ ግን ቮልት ዝቅ ባለ ቁጥር ስለሚቆርጥና መልሶ ለመልቀቅ ስለሚዘገይ ምጣድ በሚበዛበት ሰዓት ያሰለቻል።

ሁለተኛው ጉዳት የሃርድ ዲስኩ ነው። ጌሙ እየጻፈ ሳለ መብራት ከተቆረጠ ሴቩ (የደረሳችሁበት የተቀመጠበት ፋይል) ይበላሻል፤ ሲደጋገምም ዲስኩ ራሱ ይሄዳል። ለዚህ የሚሆነው መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው፤ በባለ 650 ቪኤው ውስጥ ያለው ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር አወር፣ ማለትም 84 ዋት አወር ነው። ስሊሙና ቴሌቪዥኑ አንድ ላይ 130 ዋት ቢስቡ፣ ባትሪው አዲስ እያለ ጥሩ ቢባል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያቆያል። ሥራው ጨዋታ ማስጨረስ አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ ማጥፋት ነው። ማሽኑን ሬስት ሞድ (ሳይጠፋ የሚያርፍበት ሁኔታ) ላይ አትተዉት፤ እዚያ ሳለ መብራት ቢሄድ "በትክክል አልተዘጋም" ብሎ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። በሶላር ለሚጠቀም የገጠር ቤት ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 12 ቮልት 100 አምፒር አወር የሆነ የእርሳስ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 600 ዋት አወር ይሰጣል፤ የኢንቨርተሩ ብክነት ተደምሮ 150 ዋት ብትስቡ 4 ሰዓት ያህል ትጫወታላችሁ። በማግስቱ ደመና ከሆነ ግን አምፖሉም አይበራም።

ከፍታው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ 70 በመቶ ገደማ ነው። ሳሳ ያለ አየር ሙቀት ይዞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ ብርድ አገር ነው ብላችሁ ማሽኑን አታፍኑት። ቡፌ ውስጥ ከትታችሁ መስታወቱን መዝጋት፣ በላዩ ላይ ዳንቴል ማልበስ፣ ብርድ ልብስ ላይ ማስቀመጥ ሁሉም አንድ ነው፤ ማራገቢያው መጮህ ሲጀምር ትሰሙታላችሁ። ከኋላው ቢያንስ አንድ ጋት ክፍት ቦታ ተዉለት። የኩበት ጭስና የዕጣን ጥቀርሻ የሲዲ ሌንስ ላይ ይቀመጣል፤ ከምድጃውና ከረከቦቱ አርቁት።

ሃርድ ዲስክ ላይ ከፍታው ሌላም ነገር ያደርጋል። የሚሽከረከረው ዲስክ ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው፤ ብዙ ባለ 2.5 ኢንች ዲስኮች እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ እንዲሠሩ ተብለው ነው የሚወጡት። ጓሳ አካባቢ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ለመንዝ ደጋ ሰው ኤስኤስዲ ቅንጦት አይደለም፤ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ መብራት ሲቆረጥም የሚቧጭር ማንበቢያ የለውም። ፒኤስ4 ላይ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ፣ ውፍረቱም 9.5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው።

ማሽኑን ከደብረ ብርሃን ውርጭ አውጥታችሁ በጣርማ በር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ብታደርሱት በአንድ ጠዋት 1,500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት አየር ሲነካው ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ከነቦርሳው ሁለት ሦስት ሰዓት አቆዩት፤ ወዲያው ካበራችሁት ሌንሱ ሲዲ አያነብም፣ ሲብስም ቦርዱ ሾርት ያደርጋል። ሶኒ ለፒኤስ4 ያወጣው የሙቀት ወሰን ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ ላይኛው ጣሪያ የሚፈተነው ቆላው ላይ ነው።

አሮጌ ስትገዙ ቢያንስ 20 ደቂቃ አጫውቱት፤ የከፉት ችግሮች የሚመጡት ሲሞቅ ነው። ሰማያዊ መብራት ብልጭ እያለ ወደ ነጭ ካልተለወጠ ምስል አይሰጥም፤ ቀይ ከበራ ከመጠን በላይ ሞቋል። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ቀስ ብላችሁ አወዛውዙ፤ ምስሉ ከተቆራረጠ ሶኬቱ ላልቷል፣ ያን የሚጠግን የብየዳ ባለሙያ ደግሞ በየከተማው አይገኝም። ሲዲ ሁለት ጊዜ አስገብታችሁ አውጡ። "የተከፈተ" የሚባል፣ ጌም በዲስክ የተሞላለት ማሽን ቢያሳዩአችሁ ይህን እወቁ፦ ሲስተሙን አንዴ አፕዴት ካደረጋችሁት የተሞላው ሁሉ ላይከፈት ይችላል፣ ኦንላይን ብትወጡም ልትታገዱ ትችላላችሁ። በእሱ ምክንያት ዋጋ አትጨምሩ።

ጆይስቲክ ላይ ገበያው በአስመሳይ ተሞልቷል። የፒኤስ4ቱን ስትይዙ መሃሉ ላይ ያለውን ሰሌዳ ተጫኑት፤ ኦሪጅናሉ "ቀጭ" ይላል፣ ኤርፎን ሲሰካበትም ድምፅ ይሰጣል። ሜኑ ላይ ሆናችሁ ሁለቱንም አናሎግ ልቀቁ፤ ምርጫው ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ውስጡ ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር ተበልቷል። አልኮል ለጥቂት ሳምንት ያሻሽለው ይሆናል እንጂ አያድነውም፤ ለማጽዳትም ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን ተጠቀሙ፣ ለእጅ የሚሸጠው 70ው ውኃ አለው። አዲስ ጆይስቲክ "አልገናኝ" ሲል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የገመዱ ነው። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ማይክሮ ዩኤስቢ ዳታ ስለማያሳልፍ ማሽኑ አያውቀውም። የብሉቱዝ ኤርፎን አትግዙለት፤ ፒኤስ4ም ሆነ ፒኤስ5 ተራ የብሉቱዝ ኤርፎን አይቀበሉም፣ የስልክ ባለ ገመዱ ግን ጆይስቲኩ ላይ ይሠራል።

ቴሌቪዥናችሁ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ብቻ ካለው ፒኤስ4 በቀጥታ አይገባም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ የሚቀይረው ትንሽ ሳጥን በዩኤስቢ ኃይል ማግኘት አለበት፤ ማሽኑ ላይም ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም ገብታችሁ ኤችዲሲፒን (HDCP፣ የቅጂ መከላከያውን) ማጥፋት አለባችሁ፣ አለዚያ ጥቁር ነው። ቢሠራም ጽሑፉ አይነበብም። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ጌም ሞድን አብሩ፤ ጆይስቲኩ "የዘገየ" የሚመስለው ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ስለሚቆይ ነው።

ዲስክ ስትቀይሩ ሶፍትዌሩን ከሶኒ ድረ ገጽ የምታወርዱት "ዳግም መጫኛ" የሚለውን ነው፤ 1 ጊጋ ገደማ ይሆናል። ግማሽ ጊጋ የሚሆነው የአፕዴት ፋይል ባዶ ዲስክ ላይ አይጫንም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍላሹን በፋት32 (FAT32) ፎርማት አድርጉ፤ ፒኤስ4 የሚል ፎልደር፣ በውስጡም አፕዴት የሚል ፎልደር፣ ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ፍጠሩና ፋይሉን ስሙን ሳትነኩ ውስጥ አስገቡት። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ማብሪያውን ተጭናችሁ ያዙ፤ 7 ሰከንድ ገደማ ላይ ሁለተኛው "ጢጥ" ሲሰማ ልቀቁ። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙ፣ የመሃሉን የፒኤስ ቁልፍ ተጫኑ፣ ከሚመጣው ዝርዝር 7ኛውን ምረጡ። ዲስኩ ሳይቀየር ማሽኑ ከተንቀራፈፈ ብቻ ደግሞ 5ኛው ይበቃል፤ ጌማችሁንና ሴቫችሁን ሳይነካ ዝርዝሩን እንደገና ያደራጃል። ሁለቱንም የምትጀምሩት ሰፈሩ ምጣድ በማይጥድበት ሰዓት ይሁን።