ዝናቡ ሲሄድ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ዛሬ ማለዳ ቤታችን ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ቡናው ተቆልቷል። የጎረቤት ልጆች አደይ አበባ ይዘው መጡ፤ እፍኝ ግን አይሞላም። እኔ በልጅነቴ ከቤታችን ጀርባ ካለው ሜዳ ቀጥፌ፣ እቅፌን ሞልቼ እመለስ ነበር። አሁን ሜዳው ቤት ተሠርቶበታል። አደይ የሚያብበው በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ቄጤማውም ቢሆን ረግረግ መሬት ይፈልጋል። ረግረጉ ከደረቀ ምን እንጎዘጉዛለን?

በዓል በመጣ ቁጥር ሐሳቤ መንዝ ይሄዳል፤ ጓሳ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም የሣር ምድር ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። በሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ገሳ ይሠራል። አገሬው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። ጠባቂ አለቆቹንም ራሱ ነበር የሚመርጠው። ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል።

ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ሣሩን እያየ ቀኑ እስኪደርስ ይታገሣል። ጎረቤቱም እንደሚታገሥ ያምናላ! በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ግን የድሮው አስተዳደር ፈረሰ። ጓሳም ባለቤት ያጣ መሰለ፣ ተጎዳ። ኋላ ላይ አገሬው ተሰብስቦ መከረ፤ ደንብ አውጥቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ።

እኛም ክረምት በመጣ ቁጥር ችግኝ እንተክላለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉን መንግሥት ነግሮናል። መትከሉ ደስ ይላል፤ እኔም በየዓመቱ እወጣለሁ። ከባዱ ሥራ ግን የሚጀምረው አሁን ነው። እስከ ዛሬ ዝናቡ ያጠጣልን ነበር። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱ ይደርቃል፣ ፍየሎች ይለቀቃሉ። አምና በሰፈራችን ወንዝ ዳር ከተከልናቸው አብዛኞቹ የካቲትን አላዩም። በጣም ነው ያዘንኩት። ሁላችንም «ሌላው ያጠጣዋል» ብለን ነበር።

ዘንድሮ ነገሩን እድር ላይ አነሳነው። እናቶች ያዙት፤ እነሱ ከያዙት ደግሞ ያልቃል። ተራ ወጣ። ለየቤቱ ሦስት ሦስት ችግኝ ደረሰ። በእሾህ ይታጠራል፣ ዙሪያው ይኮተኮታል፣ በሳምንት ሁለቴ ውሃ ይጠጣል። የምስርና የሩዝ እጣቢ ውሃም አይደፋም፤ ለችግኙ ይቀመጣል።

እናንተም ዶሮውን በልታችሁ፣ ቡናውን ጠጥታችሁ ስታበቁ፣ ሐምሌ ላይ የተከላችሁትን እስቲ ሄዳችሁ እዩት። ጎረቤታችሁንም ይዛችሁት ሂዱ።

የእኛ ቤት ተራ ረቡዕና ቅዳሜ ነው። የደረሱን ሁለት ወይራና አንድ ዝግባ ናቸው። ዝግባው አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

መልካም አዲስ ዓመት!