በውስን በጀት ለጌም መሥሪያና መጫወቻ የሚሆን ኮምፒውተር
ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው ቤቴ ጌም የምሠራበትንና የምጫወትበትን ኮምፒውተር ስገጣጥም፣ በጀቱን በሙሉ ለግራፊክስ ካርድ አላዋልሁም፤ ምክንያቱም እንደ አንሪል ኢንጂን 5 ያሉ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች ሼደርን (የምስሉን ብርሃንና ቀለም የሚያሰሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን) እና ኮድን ኮምፓይል ሲያደርጉ (ማሽኑ ወደሚረዳው መልክ ሲቀይሩ) ሸክሙ የሚያርፈው በፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ስለዚህ 6 ኮርና 12 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄዱ የሥራ መስመሮች) ያለውን ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር መረጥሁ። በ16 ጊጋባይት ራም መጫወት ቢቻልም፣ የጌም መሥሪያው ኤዲተር፣ ብሌንደር (የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ) እና ብሮውዘሩ አብረው ሲከፈቱ ስለሚያጥር፣ ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ራም ገዛሁ። ለግራፊክስ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አርኤክስ 6600 ካርድ ለእኔ ይበቃል፤ ኃይል ቆጣቢነቱም (132 ዋት ገደማ ነው) መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈራችን አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) እንዲበቃኝ አድርጓል። የተረፈውን ብር ባለ መብራት ኬዝ ከመግዛት ይልቅ ጥራት ላለው ፓወር ሰፕላይ ማዋል እጅግ የተሻለ ነው፤ ከኮምፒውተሩ ክፍሎች መካከል የቮልቴጅ መዋዠቅን በቅድሚያ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነውና።